ዋሴ ከበሮ መቺው ነበሩ

ጡረታ የወጣሁ ዕለት የባህል ቢሮው ልጆች ኬክ ቆረሱልኝ፣ ጋቢ አለበሱኝ፤ ከዚያ አንዱ ማይክራፎን ይዞ «እትዬ የሺ፣ ጀርመን ድረስ ሄደው ለምን ተመለሱ?» አለኝ። ኬኩን መልሼ አስቀመጥኩ። ዕድሜዬን ሙሉ የምጠየቀው ይህንኑ ነው። ታክሲ ውስጥ ተጠይቄአለሁ፣ ለቅሶ ቤት ተጠይቄአለሁ፣ ጉልበቴን ያከመኝ ሐኪም እንኳ ጉልበቴን ትቶ እሱን ጠይቆኛል። ግማሹ የሚጠይቀኝ በሆዱ «ሞኝ» እያለ ነው፤ ግማሹ ደግሞ ጀግና ብሎ ሊያጨበጭብልኝ ነው። ሁለቱንም አልፈልግም። አንድ ጊዜ በደንብ ልናገርና ይብቃኝ።

ሥራዬ ጭፈራ ነበር። ጭፈራ ደግሞ ሥራ ነው ወይ የሚል ካለ በክረምት ጠዋት አምቦ ይምጣና በባዶ እግሩ ሲሚንቶ ይርገጥ። አብዮቱ ሲመጣ ተማሪ ነበርኩ። ቀበሌያችን የኪነት ቡድን ሲያቋቁም ለዘፈን ተመዘገብኩ፤ አፌን ከፈት ሳደርግ ሰብሳቢው «በቃ በቃ፣ ተቀመጪ» አለኝ። ሙሉነሽ የምትባል የሰፈሬ ልጅ ግን «እግሯን እዩላት» ብላ ጮኸች። አዩልኝ። ከዚያ በኋላ እኔና ሙሉነሽ ጎን ለጎን ነው የጨፈርነው፤ ከቀበሌ ወደ ከፍተኛ፣ ከከፍተኛ ወደ አውራጃው ቡድን አብረን አደግን። አውራጃው መቀመጫው አምቦ ነበር። በማኅተሙ ላይ ሀገረ ሕይወት ይላል እንጂ ከደብዳቤ ውጪ እንደዚያ ብሎ የሚጠራት ሰው አልነበረም። ስለ ደመወዙ አትጠይቁኝ፤ ጫማ በገዛሁበት ወር ካልሲ አልገዛም ነበር።

እዚያ ነው ኦቦ ደበላን ያገኘኋቸው። ከጉደር በኩል የመጡ፣ ቀጭን፣ ረጅም፣ ነገር የማያበዙ ሰው ናቸው። ከበሮ መቺ ነበሩ። ወረቀቱ ላይ አሠልጣኝ የተባለ ሌላ ሰው ነበር፤ ያሠለጠኑን ግን እሳቸው ናቸው። ጠዋት ጠዋት ከበሮውን ፀሐይ ላይ አውጥተው ቆዳውን በጥፍራቸው ነካ ነካ ያደርጉና ጆሯቸውን ያስጠጋሉ። ካልጣማቸው ልምምድ የለም፤ ቆዳው እስኪሞቅ እኛም በብርድ እንንቀጠቀጣለን። ከበሮ ላይ የተቀመጠ ሰው ካዩ ለሰሞኑ አያናግሩትም። ሲያሠለጥኑን ዱካ በምትባለው አጭር በርጩማ ላይ ዝቅ ብለው ይቀመጣሉ፣ ዐይናቸው ከጉልበታችን በላይ አይወጣም። አንድ ቀን ሙሉነሽ «ኦቦ፣ ፊታችንን አያዩም እንዴ? ስንት ተኳኩለን!» አለቻቸው።

«ፊታችሁን የሚያይ ሞልቷል» አሉ። «እኔ የማየው ሚላ ነው።» እግር ማለታቸው ነው።

ሌላም ልማድ ነበራቸው። አዲስ ከተማ ስንገባ እኛ ወደ ሻይ ቤት ስንሮጥ እሳቸው ገበያ ይሄዱና ጥግ ይዘው ይቆማሉ። ምንም አይገዙም። ሰው ሸክም ይዞ እንዴት እንደሚራመድ ነው የሚያዩት። «የጊንጪ ሰው አረማመዱ ከባድ ነው፤ ጭቃው ነው ያስተማረው» ይላሉ። ማታ ከበሮው ያንን አረማመድ ይዞ ይመጣል። ሰዉ ለምን እንደሆነ ሳያውቅ ከመቀመጫው ይነሣል፤ እኛም እግራችን ከወትሮው ሌላ ሆኖ ይገኛል።

ሕጋቸው ደግሞ አንድ ነበር። የወለጋውን መንገድ ይዘን ስንወጣ የምንጨፍረው ረገዳን ነው። ረገዳ ሁለት ረድፍ ፊት ለፊት ቆሞ የሚጫወቱት ነው፤ አንዱ ረድፍ መሬቱን እየረገጠ፣ አንገቱን እየነቀነቀ ይጠራል፣ ሌላው ይመልሳል። ኦቦ ደበላ ዘንድ ከረድፉ የሚወጣ ሰው ምትክ ሳያስገባ አይወጣም። ውኃ ጠማኝ ብትል፣ እግሬ ተሰበረ ብትል፣ መጀመሪያ በቦታህ ሰው ታስገባለህ። ክፍት ቦታ ከታየ ከበሮው ዝም ይላል። ስንቴ በዚህ አልቅሰናል!

አሁን ወደ ጌዶ ከተማ ልምጣ፤ እንቅልፍ የነሣኝ ነገር እሱ ነው።

የገበሬ ማኅበራት ትልቅ ስብሰባ ነበር፣ በገበያ ቀን። የቡድኑ ኃላፊ ጓድ ተፈራ ይባላል። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ፈሪ ነበር፤ በዚያን ጊዜ ፈሪ አለቃ ደግሞ ከክፉ ያልተናነሰ ያስቸግራል። መድረክ የለም፣ ስለዚህ ኤንትሬ የሚሉትን የጭነት መኪና ጎኑን ፈትተው መድረክ አደረጉት። መኪናው ላይ ሁለት ረድፍ አይበቃም። ጓድ ተፈራ «አንድ ረድፍ ሁኑና ፊታችሁን ወደ እንግዶቹ አድርጉ» አለ። እንግዶቹ ከፊት ወንበር ላይ፣ ገበያተኛው በሙሉ ከኋላችን። ኦቦ ደበላ ቅር እንዳላቸው አንገታቸውን ነቀነቁ። እኔ መሪ ነበርኩ፤ እንደሚያምር ነው የታየኝ። ሁላችንም በአንድ ጊዜ ስንረግጥ፣ በአንድ ጊዜ ስንዞር፣ እንደ ፊልም!

ጀመርን። ረገጥን፣ ጠራን። የሚመልስ የለም። ደግመን ጠራን። እንግዶቹ እግራቸውን አነባብረው ያዩናል። ከኋላ አንዲት ነጠላዋን ወገቧ ላይ ያሠረች አሮጊት፣ ቅቤ ልትሸጥ የመጣች፣ ድምጿን ከፍ አድርጋ በኦሮምኛ «ልጆች፣ ማንን ነው የምትጠሩት?» አለች። ገበያው በሳቅ ፈረሰ። ወጣቶቹ እዚያው መኪናው ጀርባ አቧራው ላይ ሁለት ረድፍ ሠርተው የራሳቸውን ጀመሩ። ከበሮ የላቸውም፤ ጭብጨባና እግር ብቻ። የእግራቸው ድምፅ ግን የእኛን ዋጠው። ሳላስበው የእኔ እግር እነሱን ተከተለ፣ ከቡድኔ ወጣሁ፣ ልመለስ ብል ጠፋኝ። መሪዋ ከጠፋች ሁሉም ጠፋ። ኦቦ ደበላ ከበሮውን አቆሙ። መኪናው ላይ ተገትረን ቀረን፣ መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ አልኩ።

ወደ አምቦ ስንመለስ የጉደር ድልድይ ጋ ስንደርስ ኦቦ ደበላ «ዛሬ ግማሹን ነው የጨፈራችሁት» አሉ። ለእኔ ከስድብ ሁሉ የባሰ ነበር።

ከዚያ በኋላ ነው የጀርመኑ ዕድል የመጣው። ከየክፍለ ሀገሩ ጨፋሪዎች ተመርጠው ለወጣቶች ዝግጅት ምሥራቅ ጀርመን ሊሄዱ፣ እዚያም ለጥቂት ወራት ሊሠለጥኑ ሆነ። እኔና ሙሉነሽ ተመረጥን። ዋስ አምጡ ተባልን። ተጓዡ ካልተመለሰ ዋሱ ይጠየቃል፤ መጠየቅ ማለት መታሰር እንደሆነ የዚያን ዘመን ሰው ያውቀዋል። የሙሉነሽ አጎት ትልቅ ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው ስለነበር ፈረመላት። አባቴ ሞቷል፤ የአባቴ ወንድሞች ዋስ ሁኑኝ ስላቸው አንዱ ወገቡን አመመው፣ አንዱ ለገበያ ባኮ ወረደ። ተስፋ ቆርጬ ልምምድ ላይ ቁጭ ብዬ ሳለሁ ኦቦ ደበላ ከበሮውን አስቀመጡና «ተነሺ፣ ቢሮው ሳይዘጋ» አሉኝ።

ጸሐፊው አዘነላቸው መሰለኝ። «ኦቦ፣ ልጅቷ ካልተመለሰች የሚገቡት እርስዎ ነዎት። ገብቶዎታል?»

«ገብቶኛል። እስክርቢቶው የታለ?»

ውጪ ስንወጣ «እመለሳለሁ፣ ኦቦ። በአባቴ አጥንት!» አልኳቸው።

«አልጠየቅሁሽም» አሉና ወደ ልምምዳቸው ሄዱ።

ጀርመን! ምን ልበላችሁ። ከጣሪያ እስከ ወለል መስታወት የሆነ አዳራሽ ውስጥ አስገቡን። አሠልጣኛችን ሄልጋ የምትባል፣ አንገቷ እንደ ሽመል የቀና፣ በምርኩዝ የምትሄድ አሮጊት ናት። በወጣትነቷ ባሌት ትጨፍር ነበር። ከግድግዳው ጋር የተያያዘ ረጅም የእንጨት መያዣ አለ፤ እሱን ይዘን ጉልበት ማጠፍ፣ መዘርጋት፣ ማጠፍ፣ መዘርጋት። መጀመሪያ ሳቅሁ፤ ለዚህ ነው ባሕር የተሻገርኩት ብዬ። ቆይቶ ግን ገባኝ። የእኛ ጭፈራ መሬቱን ፈልጎ ይወርዳል፤ የእነሱ ከመሬት ሊሸሽ ይነሣል። ለመነሣትም ሆነ ለመውረድ የሚያገለግለው ግን ያው አንድ ጉልበት ነው፤ እኔ ደግሞ ጉልበቴን ዕድሜ ልኬን ሳላውቀው ነው የኖርኩት። ሄልጋ በምርኩዟ ጉልበቴን መታ እያደረገች ስታስተካክልልኝ፣ አንድ ጠዋት በጣቶቼ ጫፍ ተነሥቼ ቆምኩ። ብቻዬን፣ ያለ ከበሮ።

ባሌትን ወደድኩት። ይህን የማልናገረው ለምን እንደነበር አላውቅም፤ አሁን ልናገረው። ወደድኩት! የሀገሩንም ነገር ወደድኩ። መፈክሩ እዚያም ነበር፣ ግን በጀርመንኛ ስለሆነ አይከብደኝም። ለጓድ እንትና ጨፍሪ፣ ለስብሰባ መክፈቻ ጨፍሪ፣ ዛሬ ደስ ይበልሽ የሚለኝ የለም። ደስ ሲለኝ ደስ ይለኛል፤ ሲከፋኝ ይከፋኛል።

ልንመለስ ስንል ሄልጋ ኮሪደር ላይ ለብቻዬ ይዛኝ በዝግታ፣ የእኔ የተሰባበረ ጀርመንኛ እንዲገባው አድርጋ ነገረችኝ። በርሊን ውስጥ ከግንቡ ማዶ፣ በምዕራቡ በኩል፣ የቀድሞ ተማሪዋ የዳንስ ትምህርት ቤት አላት። ከሄድኩ ትቀበለኛለች። «አንቺ ብቻሽን መድረክ የምትሞዪ ነሽ» አለችኝ። እንዲህ ያለ ነገር የሚለኝ ሰው ገጥሞኝ አያውቅም ነበር።

የጉዟችን ቀን ጠዋት ፓስፖርታችንን መለሱልን፤ ዕቃ ግዙ ተብለንም ተለቀቅን። ሙሉነሽ እጄን ይዛ ወደ ባቡር ጣቢያው ወሰደችኝ። ጣቢያው ግማሹ የወዲህ፣ ግማሹ የግንቡ ማዶ ነው። የሀገሩ ሰው አያልፍም፤ የውጭ ሀገር ፓስፖርት የያዘ ግን ሲያልፍ እናያለን። ሰልፉ አጭር ነበር።

«ነይ እንጂ፣ የሺ! ምን ያስገትርሻል?»

«ዋሴ ኦቦ ደበላ ናቸው።»

«የእኔም ዋስ አጎቴ ነው፤ ስጋዬ ነው።»

«አጎትሽ ወንበር አለው። ኦቦ ደበላ ያላቸው ከበሮ ብቻ ነው።»

«ሽማግሌ ምን ያደርጉታል? ገሥፀው ይለቁታል።»

«አላውቅም፣ ሙሉ። አንቺም አታውቂም።»

አለቀሰች። አንገቴ ላይ ተጠምጥማ ሻርፗን አወለቀችና አለበሰችኝ፤ ከዚያ ፊቷን ሳታዞር ገባች። አልፈረድኩባትም፤ ዛሬም አልፈርድባትም። በየበዓሉ ትደውልልኛለች፣ ያንኑ ሰፈር እያነሣን እንሣሣቃለን።

እስከዚህ ያለውን የሚቀርበኝ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። «ለዋሷ ብላ ተመለሰች» ይሉኛል፣ እኔም ዝም ብዬ ኖሬአለሁ። እውነት ነው፣ ግን ግማሹ ነው። ሙሉነሽ ከገባች በኋላ እዚያው ቆሜ ቀርቼ ነበር፤ እግሬ ወደ ሰልፉ ሄዷል፣ ፓስፖርቴም በእጄ ነው። በሐሳቤ ከማዶ ያለውን መድረክ ሠራሁት። መብራት አለ፣ እኔ መሐል ላይ ብቻዬን ነኝ፣ ረገጥኩ፣ ጠራሁ። ያኔ የጌዶዋ ቅቤ ሻጭ ድምፅ መጣብኝ፤ ማንን ነው የምትጠሩት? ወይ ጉዴ! በርሊን ድረስ ተከተለችኝ። እሺ፣ እኔ እዚህ ማዶ ማንን ነው የምጠራው? የሚመልስልኝስ ማን ነው? ተናደድኩ። በእሷም፣ በጌዶም፣ በራሴም። ይህን ጉልበት ይዤ ጌዶ ሳልመለስ ብሞት አፈሩ አይበላኝም አልኩ። ከሰልፉ ወጣሁ። እየተጎተትኩ አልተመለስኩም፤ እያጉረመረምኩ፣ በረጅሙ እየተራመድኩ ነው የተመለስኩት።

አዲስ አበባ ስለ ሙሉነሽ ጠየቁኝ፣ ደግመው ጠየቁኝ፣ አላውቅም ብዬ ወጣሁ። በአውቶቡስ አምቦ ገባሁና ሻንጣዬን እንደያዝኩ ሁሉቃ ወንዝ አጠገብ ወዳለው የኦቦ ደበላ ቤት ሄድኩ። ደጃፉ ላይ ተቀምጠዋል። ሲያዩኝ አልተነሡም።

«ለምን መጣሽ?» አሉኝ።

«እንዴ! እንኳን ደህና ገባሽ አይባልም?»

«ለምን መጣሽ ነው የምልሽ።»

ባለቤታቸው አዴ ጫልቱ ከውስጥ ሮጠው ወጥተው እያለቀሱ እየሣቁ አገላብጠው ሳሙኝ። ስገባ መደቡ ላይ አንድ ጥቅል ተቀምጧል። የተጠቀለለ ጋቢ፣ ሳህን፣ ኩባያ፣ መፋቂያ፣ አንድ ከረጢት በሶ። የእስረኛ ዕቃ ነው። ያን ጊዜ በየቤቱ ይታወቅ ነበር።

«ሙሉነሽ ቀረች ሲባል ሰምታችሁ ነው?» አልኩ።

«የለም ልጄ» አሉ አዴ ጫልቱ። «የፈረመ ዕለት ነው፣ ገብስ ቁዪ ያለኝ።»

ደሜ ፈላ። ወጥቼ ፊታቸው ቆምኩ። «ኦቦ፣ እንደምቀር አውቀው ነው የፈረሙት?»

«ብትቀሪ ብዬ ነው።»

«ማን ጠየቀዎት?»

«አንቺንስ ተመለሺ ብሎ ማን ጠየቀሽ?» አሉ። በዘመናቸው እንደዚያ ሲጮሁ ሰምቼ አላውቅም። «ከረድፍ ሲወጣ ምትክ ይገባል፤ ሕጉን ታውቂያለሽ። የጉደሯን ልጅ አልማዝን በቦታሽ አስገብቻታለሁ። እስር ቤት ለመግባት ደግሞ እኔ ነበርኩ። ሁሉንም ሞልቼልሽ ነበር፣ ኢንተላ ኮ! ምንም ክፍት አልነበረም። ነፃ ነበርሽ።»

ኢንተላ ኮ ልጄ ማለት ነው። እዚያው ደጃፉ ላይ ተቀመጥኩና እንደ ሕፃን ጮኼ አለቀስኩ። ደስታ ነው፣ ንዴት ነው፣ አላውቀውም። ለእኔ ሲሉ እስር ቤት ሊገቡ የተዘጋጁ ሰው ለምን መጣሽ ብለው ሲቆጡኝ ምን ልበል? ሲወጣልኝ አፍንጫዬን በሙሉነሽ ሻርፕ ጠረግኩና «ለእርስዎ ብቻ አይደለም የመጣሁት። ለጌዶ ነው» አልኳቸው።

እግሬን አዩ። ተነሥቼ እንድራመድ በእጃቸው አሳዩኝ። ተራመድኩ።

«ሚላሽ ተለውጧል» አሉ። «ነገ ልምምድ ነው።»

በማግሥቱ በልምምድ አዳራሹ ግድግዳ ላይ የባሕር ዛፍ ግንድ አስመታሁ። ጓድ ተፈራ አይቶ «የበቅሎ ማሠሪያ ነው?» አለኝ። ልጆቹን እሱን አስይዤ ጉልበት ማጠፍ መዘርጋት አስጀመርኳቸው። ስቀው ሞቱ፤ እኔም እንዲሁ ስቄ እንደነበር ነግሬ ቀጠልኩ። ኦቦ ደበላ ዱካቸው ላይ ዝቅ ብለው የአልማዝን ጉልበት ሲያዩ ሰነበቱ። አንድ ቀን «ይቺ ጀርመናዊት ጎበዝ ናት» አሉ። ሄልጋን ማለታቸው ነው፤ ብትሰማ እንዴት ደስ ባላት!

ከዚያ ጌዶ ስብሰባ ተጠራ። ያው ኤንትሬ፣ ያው ወንበር፣ ያው ገበያ። ጓድ ተፈራ በሙሉነሽ ምክንያት ተገሥጾ ስለነበር ላቡ ከወትሮው በርትቷል። «የሺ፣ ፊት ወደ እንግዶቹ፣ አንድ ረድፍ። ዛሬ ምንም ነገር እንዳይፈጠር፣ በሞቴ» አለኝ።

«ጓድ፣ ከበርሊን የተመለስኩት መኪና ላይ ለመጨፈር አይደለም» አልኩት።

«ምን ማለትሽ ነው? ያንቺ ነገር ገና በዐይነ ቁራኛ እየታየ እኮ ነው!»

«ይታይ።»

ጫማዬን አውልቄ ዘልዬ ወረድኩ። እግሬ አቧራው ውስጥ ገባ። ዞር ስል አልማዝ ተከትላኛለች፣ ከኋላዋ ልጆቹ በሙሉ። በወንበሮቹና በገበያው መሐል ረድፍ ሠራን፤ ጀርባችን ወደ እንግዶቹ፣ ፊታችን ወደ ገበያተኛው። ከፊታችን ያለው ረድፍ ባዶ ነው። ኦቦ ደበላ ጠዋት ገበያ ቆመው ያዩትን አረማመድ በከበሮው ጀመሩ። ረገጥኩ። የሄልጋ ጉልበት ነው፣ መሬቱ ግን የጌዶ። ጠራሁ። ዝም ተባለ። ደግሜ ጠራሁ። ያቺው ቅቤ ሻጭ የቅቤ ቅሏን ለጎረቤቷ አስያዘችና ነጠላዋን ወገቧ ላይ እያጠበቀች ፊት ለፊቴ መጥታ ቆመች። ረገጠች፣ አንገቷን ነቀነቀች፣ መለሰችልኝ። ከዚያ ሴቶቹ መጡ፣ ወጣቶቹ መጡ፣ ረድፉ ሞልቶ ተርፎ ወደ እህል ተራ ተጠማዘዘ። ከእንግዶቹም አንዱ ኮቱን ወንበሩ ላይ አንጠልጥሎ ገባ። ጉልበቴ ሲዝል አልማዝን በቦታዬ ጎትቼ አስገባሁና ወጣሁ። ክፍት ቦታ አልተውኩም።

ሲያበቃ መኪናው ጥላ ሥር ተቀመጥን። አዴ ጫልቱ ለመንገዱ ስንቅ ብለው የላኩትን ከረጢት ኦቦ ደበላ አወጡ። አወቅሁት። በሶውን በኩባያው በጠበጡና መጀመሪያ ለእኔ፣ ከዚያ ለልጆቹ፣ መጨረሻ ለጓድ ተፈራ ሰጡት።

«ይሄ ደግሞ የምን በሶ ነው? ጥሩ ነው» አለ ጓድ ተፈራ።

«ለእስር ቤት ያዘጋጀሁት ነው» አሉት።

ኩባያው አፉ ላይ ቆመ። አየኝ፣ እሳቸውንም አየ፣ ከዚያ ዐይኑን ጨፍኖ ጨለጠው። ኦቦ ደበላ ከረጢቱን ገልብጠው አራገፉት። ዓመት ይበቃል ተብሎ የተፈጨ በሶ ጌዶ ላይ በአንድ ከሰዓት አለቀ።